የሲስተር ብርነሽ ወንበሮች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን ዳኞች፣ ፓስተር ሚልክያስ፣ ከበዴሳ፣ ከዲምቱ፣ ከጉኑኖ የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ገደሉን ተሻግራችሁ የመጣችሁ የዛሞ ሰዎች፤ ሳሮ ብያለሁ። የሲስተር ብርነሽ ባለቤት ወንድሜ ቶማ፣ ልጇ ኢየሩሳሌም፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ። እኛንም ያጽናን።

አብዱሰመድ ነኝ። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሚስማርና ቆርቆሮ የምሸጠው። አይሱዙ አለችኝ። በዚያች አይሱዙ ከኔ ይልቅ ሲስተር ብርነሽ ስታዝባት ኖራለች። ቶማ "አንተ ተናገር" ሲለኝ፣ "ኧረ ተው! ፓስተሩ፣ መምህራኑ ሞልተው እኔን ነጋዴውን?" አልኩት። "ራሷ ናት ያለችው" አለኝ። ምን ብላለች መሰላችሁ? "አብዱ ይናገር። ሌላው ሰው መልአክ ያደርገኛል።"

እሺ ሲስተር። መልአክ አላደርግሽም።

ሲስተር ብርነሽ መልአክ አልነበረችም። ነገር ከያዘች የማትለቅ፣ እንደ መዥገር ችክ የምትል ሴት ነበረች። ሰው ከተቀመጠበት አስነስታ የማታፍር ናት። ከመካከላችሁ በሷ ትእዛዝ ከመቀመጫው ያልተነሳ ማን አለ? እስቲ እጁን ያውጣ! አያችሁ? ማንም የለም። ፓስተር እንኳ ፈገግ አሉ።

ወጣቶቹ ነገሩን በወሬ ነው የምታውቁት። እኔ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ዛሞ የት ነው? ከጉኑኖ መንገድ ላይ ቆመህ ብትጣራ ዛሞ ይሰማሃል። ውሻው ሲጮህ ትሰማለህ። የሚጨስ ቤት ታያለህ። ለመድረስ ግን ገደሉን ወርደህ፣ ወንዙን ተሻግረህ፣ ደግሞ ያንን ዳገት መውጣት ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ ወንዙ አያሻግርም፣ ጭቃው አያስወጣም። ዝንጅብሉ እዚያው ይበሰብሳል። ሥራ ሥሩ፣ ቦዬው፣ እዚያው ይቀራል። እሱስ ይሁን። የታመመ ሰውስ? ምጥ የያዛት ሴትስ?

ቃሬዛ ነው! ስምንት ጎረምሳ ከፊት፣ ስምንት ጎረምሳ ከኋላ ተሰልፎ፣ ትከሻ እየተቀያየረ፣ ሳይቆም፣ እየሮጠ ገደል ይወርዳል። የዛሞ ልጅ መራመድ እንደቻለ የሚማረው ቃሬዛ መሸከም ነበር። ብርነሽ ደግሞ የዛሞ ጤና ኬላ ነርስ ሆና ከቃሬዛው ጎን ትሮጥ ነበር።

ፈጠነች የሚሏት ሴት ነበረች። የአባባ ኤርሳዶ ልጅ። አባባ ኤርሳዶ እዚህ ከፊት ተቀምጠዋል። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስሟን ሳልጠራ የብርነሽን ነገር መናገር አልችልም። ፈጠነች ምጥ ጠናባት። ዝናብ ነው። ቃሬዛው ወረደ። ገደሉ ሥር ሲደርሱ ወንዙ ሞልቷል። ቆሙ። ከዚያ ማዶ መኪና ቆሞ ይታያል። የመኪናው ሹፌር ይታያል። የሹፌሩ ኮፍያ ይታያል! ፈጠነች መኪናውን እያየች እዚያው ወንዙ ዳር፣ ከነልጇ፣ በብርነሽ እጅ ላይ አለፈች።

ከዚያን ቀን በኋላ ብርነሽ ሌላ ሰው ሆነች። ሐዘንተኛ ግን አልሆነችም። ተናደደች። "ሁለተኛ የዛሞ ሴት ቃሬዛ ላይ አትሞትም" አለች። ሰው ሁሉ "ይሁን፣ ጌታ ይርዳሽ" አላት። ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ይላል፣ ከዚያ ይረሳዋል። እሷ አልረሳችውም።

አንድ ፈረንጅ ሐኪም ለጉብኝት መጣ። ሌላው ሰው ፈረንጅ ሲመጣ ዶሮ ያርዳል። ብርነሽ ምን አደረገች? ገደል ውስጥ ይዛው ወረደች። አወጣችው። እንደገና አወረደችው። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና፣ "በኛ አገር በረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች ተራራ የሚያወጣ ወንበር አለ። በብረት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይጥሉታል" አላት። ፎቶም አሳያት። እሷስ? "አትጣሉት። ስጡን!" አለች። በቃ። ደስ ሲላትም ስትቆጣም ቃሏ አጭር ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሐኪሙ አገሩ ጡረታ ወጣ። አንድ ቀን፣ በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ይመስለኛል፣ ከሐኪሙ አገር የተላከ ኮንቴይነር ሶዶ ገባ። ብርነሽ ያኔ ሥልጠና ላይ አዋሳ ነበረች። ዕቃውን ሊረከብ የተመረጠው ኮሚቴ ከፈተው። ገመድ የሚሽከረከርበት ትልቅ ፑሌጃ አለ፣ ጥቅል የብረት ገመድ አለ፣ ምሰሶ አለ፤ ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም። ወደ ጥግ ተደረገ። ግን ወንበር ደግሞ አለ! ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ መደገፊያ ያለው፣ ጠንካራ የብረት ወንበር። እናንተው ፍረዱ፤ እኛ ወላይታ አገር ወንበር ሲመጣ ማን ትዝ ይለናል? እንግዳ! ለቀስተኛ! ኮሚቴው ምን ክፉ ሠራ? ለዕድር ሰጠ። ለቤተክርስቲያን ሰጠ። ለአቅመ ደካማ ሰጠ። የፈረንጅ አገር ሰዎች ለለቅሷችን አስበው ወንበር የላኩልን መስሎን መረቅናቸው እኮ! ላዩ ላይ ያለው ረጅም ብረት ብቻ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባን። አንዳንዱ ቆረጠው። አንዳንዱ ጃንጥላ ሰቀለበት።

ብርነሽ ከሥልጠና ስትመለስ በበዴሳ በኩል ነበር የመጣችው። ሚኒባሱ ውስጥ ሆና በመስኮት ስታይ፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ ደጅ ላይ አንድ ሰውዬ አረፋ ተቀብቶ ተቀምጧል። የተቀመጠበት ነገር ያ በፎቶ ያየችው ወንበር! "ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች። ወረደች። ሰውየው ፊቱ ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

"ተነስ" አለችው።

"እንዴ ሲስተር፣ አልጨረስኩም እኮ!"

"ቆመህ ጨርስ። ይቺ የዛሞ ናት!"

ሰውየው ቆሞ ጨረሰ። ከዚያ ማታ ሱቄ መጣች። "አብዱ፣ አይሱዙህ ነዳጅ አላት?" አለችኝ። "ለምን?" አልኩ። "ዝም ብለህ ተነስ" አለች። እኔም ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ያን ቀን ተነሳሁ።

እንግዲህ ወንበር ፍለጋ ጀመርን። ከቤት ቤት፣ ከቀበሌ ቀበሌ። ጉኑኖ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘን፤ "ይቺ የዛሞ ናት!" ጤፍ ነጋዴ ጆንያ ደርድሮባት አገኘን፤ "ይቺ የዛሞ ናት!" አንድ የተከበረ ሹም በረንዳው ላይ አድርጓት አገኘን። እኔ "ሲስተር፣ ይሄንንስ ተይው፣ ግምገማ ላይ ይጠራሻል" አልኳት። ገባች። የሹሙ ሚስት ቡና ልታፈላ ስትል፣ "ቡናውን ሌላ ቀን፤ መጀመሪያ ወንበሯን" አለች። ሹሙ ራሱ አሸክሞ አይሱዙ ላይ ጫነልን። ጎበዝ ሰው ነበር፣ ፈጣሪ ይስጠው።

የዲምቱን ሰርግ ግን ማን ይረሳዋል? ገባን፤ ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል፣ ሙሽሮቹ የት ቢቀመጡ ጥሩ ነው? አበባ በአበባ አድርገዋት! ያ ረጅሙ ብረት ላይ ፊኛ ታስሮበታል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ብርነሽ እንኳ ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ "ተነሱ" ማለት አቃታት። ጥግ ሄዳ ቆማ ጠበቀች። የሙሽራው አጎት አወቋትና "ዛሬ አይሆንም! ወንበሯ የልጄ ምርቃት ናት!" ብለው ዱላ አነሱ። በሰርግ ቀን ዱላ! ያኔ ሙሽሪት፣ ሰብለ፣ "ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ነገሯት። ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳች። "እናቴ እኔን ስትወልድ የሞተችው መንገድ ላይ ነው። ሀያና፣ እባካችሁ፣ ውሰዷት" አለች። ሙሽራውም ተነሳ። እልልታው! እናንተ! ወንበሯን ከነአበባዋ ጫንናት። ሙሽሮቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ተዳሩ። ሰብለ፣ እዚህ እንዳለሽ አይቻለሁ። ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ወንበሩ ተሰበሰበ። የተቆረጠውን ብረት ደገፉ የሚባል በያጅ በየደው። ግን ማን ይትከለው? የመጣው መሐንዲስ እውነቱን ነገረን። "ይህ ነገር ሰው ሊሸከም ነው። ምሰሶው በምን ያህል ርቀት እንደሚቆም፣ ገመዱ እንዴት እንደሚጠላለፍ ካላወቅን አልፈርምም" አለ። ልክ ነው። ሐኪሙም ጡረታ ከወጣ ወዲህ አድራሻው ጠፍቶናል። ሁላችንም ልባችን ወደቀ። ብርነሽ ግን "የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አለ። እንፈልገዋለን" አለች።

"ሲስተር፣ ዓለም ሰፊ ነው እኮ!"

"ዲምቱም ሰፊ ነበር" አለችኝ።

ደገፉ ዝገቱን ሲፍቅ ቢጫው ቀለም ሥር ሰማያዊ ወጣ። ሰማያዊው ሥር ቀይ ወጣ። ብርነሽ ቁጭ ብላ አየችና "ይቺ ወንበር አንድ ቤት አይደለም የኖረችው" አለች። ከመቀመጫው ሥር ትንሽ የብረት ታርጋ ነበረች፤ የመንደር ስም ተጽፎባታል። ልጄ ሙዓዝ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ያንን መንደር ፈለገ። ያኔ ኢንተርኔት ማለት እናንተ የምታውቁት አይደለም፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሰው አግብቶ ይወልዳል። መንደሩ ተገኘ። ጻፍንላቸው። መልስ መጣ፦ "እኛም አሮጌ ነው የገዛነው፤ ከትልቅ ተራራ ነው የመጣው። እዚያ የነቀለውም እዚህ የተከለውም አንድ ሰው ነው። ሽማግሌ ነው፣ ግን በሕይወት አለ።"

በሕይወት አለ! ብርነሽ ሱቄ ውስጥ እልል አለች። ደንበኞቼ ደነገጡ።

ሽማግሌው መጣ። ስሙ ለአፋችን አልመች ሲል ዮሐንስ አልነው። ገና ሲደርስ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ፣ ወንበሮቹ ወደተደረደሩበት ሄደ። በእጁ እየዳሰሰ አለፈ። አንዷ ጋ ሲደርስ ቆመና አለቀሰ። ሙዓዝ አስተረጎመልን። "ሚስቴን ያገኘኋት ከነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነው" አለ። "ብቻዋን ልትወጣ ስትል ጎኗ ዘልዬ ተቀመጥኩ።" በመጀመሪያው ተራራ ሀብታም ይጫወትበት ነበር አለ፤ ቀይ ነበር። ሲያረጅ ለትንሽ መንደር ሸጡት፤ ሰማያዊ ቀቡት፣ በኋላም ቢጫ፤ የመንደሩ ልጆች በሱ አደጉ። "ከዚያ" አለ ሽማግሌው፣ "በረዶው ቀረ።"

አባባ ኤርሳዶ፣ "ምን ማለት ነው ቀረ?" ብለው ጠየቁ።

"ድሮ በየዓመቱ ይመጣ ነበር። አንድ ዓመት ዘገየ። አንድ ዓመት ጥቂት መጣ። ከዚያ መምጣት ተወ። መንደሩ ተዘጋ።"

የዛሞ አባቶች ተያዩ። በልግ ቀርቶበት የማያውቅ ገበሬ ማን አለ? ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታስታውሳላችሁ? ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ተራ በተራ እየሄዱ የሽማግሌውን እጅ ያዙ። "ጌታ ያጽናህ" አሉት። ለበረዶው! ሰውየው በሕይወቱ ስለ በረዶው ያጽናናው ሰው አልነበረም። ከኛ ጋር ዝናቡ እስኪገባ ከረመ።

ከዚያማ ዳጓ ተጠራ። ደቦ ማለት ነው፣ ለከተሜዎቹ። ሴቱ አሸዋ አመላለሰ። ወንዱ ጉድጓድ ቆፈረ። ያንን ከባድ የብረት ገመድ የዛሞና የጉኑኖ ሰው ተሰልፎ በትከሻው ገደል አወረደው፣ ገደል አወጣው። ዮሐንስ በከዘራው እየጠቆመ፣ ደገፉ እየበየደ፣ ብርነሽ ሁሉንም እየተቆጣች፣ ምሰሶዎቹ ቆሙ። መሐንዲሱ አየ። አሸዋ በጆንያ ጭኖ ሞከረ። ደጋግሞ ሞከረ። ፈረመ!

አሁን ማን ይቀመጥ? መጀመሪያ ማን ይሂድ? ሹሞቹ ወደ አባቶች ያያሉ፤ አባቶች ወደ ሹሞቹ። ሁሉም "እርስዎ ይቅደሙ" ይባባላል። አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃት ነው። ብርነሽ ሄዳ ቁጭ አለች። ይቺ ሴት እኮ መሰላል እንኳ መውጣት የምትፈራ ነበረች! ቆርቆሮ ለመቁጠር መደርደሪያዬ ላይ ብትወጣ የምትንቀጠቀጥ! ዞር ብላ አየችኝ።

"አብዱ፣ ና።"

"እኔ? ልጆች አሉኝ እኮ!"

"ወንበሯ የሁለት ሰው ናት። ና!"

ሄድኩ። ደገፉ ገመዱን የሚጎትተውን ሞተር አስነሳ። መሬት ከእግሬ ሥር ሄደች። ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ። ልክ ገደሉ መሐል ስንደርስ ቀጥ! ቆመ። ተንጠልጥለን ቀረን። ነፋሱ ያወዛውዘናል። ምን ሆኖ መሰላችሁ? ከላይኛው ቀበሌ የዘገዩ ሽማግሌዎች መጡ። ደገፉ፣ ያ ጨዋ የጨዋ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ መቆየት ነውር ነው ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ተነሳ! "ሳሮ አቂዴቲ?" በሰላም አደራችሁ? ከብቱ ደህና ነው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እንሰቱ ደህና ነው? የኛን ሰላምታ ታውቁታላችሁ። አያልቅም። እኔ ከላይ "ደገፉ! ደገፉ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሱ ጎንበስ ብሎ የሦስተኛውን ሽማግሌ ጤና ይጠይቃል።

ሳቃችሁ ደስ አለኝ። እሷም ይሄንን ነገር ባወራች ቁጥር እስክታለቅስ ትስቅ ነበር።

ያን ጊዜ ግን፣ ተንጠልጥለን ሳለን፣ ብርነሽ ዓይኗን ጨፍና ነበር። "አብዱ፣ የት ነን?" አለችኝ። "ወንዙ ላይ" አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። ወደ ታች አየች። ያቺን የወንዝ ዳር፣ ፈጠነች ያለፈችባትን ቦታ፣ አየቻት። እጄን ጨብጣ ያዘችና፣ "ስንት ዓመት ከታች ሆኜ ወደ ላይ ሳይ ኖርኩ። ዛሬ እኔ ነኝ ከላይ!" አለች። ከዚያ ጮኸች። የምን ጩኸት ነው? እልልታ ነው! ከዚህ ወገን የጉኑኖ ሰው መለሰ፣ ከዚያ ወገን የዛሞ ሰው መለሰ። ገደሉ በእልልታ ሞላ። ወላሂ፣ ፍርሃቴ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስሙን "ሽቦው" አልነው። ደገፉ ምጥ የያዛት ሴት የምትጋደምበት ወንበር ሠራ። ዝንጅብሉ በሽቦው መጣ። ቦዬው በሽቦው መጣ። መምህሩ በሽቦው ሄደ። ፑሌጃው አርጅቶ አቆመ፤ ተጠገነ። ኩሽኔታው አለቀ፤ ተቀየረ። ክረምት መጣ፣ ወንዙ ሞላ፣ ማን ግድ አለው? ከዚያን ቀን ወዲህ ገደሉ ውስጥ ምጥ ላይ ያለፈች አንዲት የዛሞ ሴት አለች? እናቶች፣ መልሱልኝ። አለች? የለችም! አንዲትም የለችም!

አሁን ሬሳው ሲወጣ ስለሆነው ነገር ልናገርና ልጨርስ። ዛሬ ጠዋት መኪና ቀርቦ ነበር። የዛሞ አባቶች "አይሆንም" አሉ። "እሷ ከቃሬዛችን ጎን ሮጣለች። እኛም በቃሬዛ፣ በድሮው ወግ፣ ከቤቷ እስከ መካነ መቃብሩ እንወስዳታለን።" አስከሬኗ ቃሬዛው ላይ ተደረገ። የዛሞ ጎረምሶች ተሸከሙ። ሁላችሁም አያችሁ። ገና በሩን ሲወጡ ቃሬዛው አዘመመ። ሰው ጮኸ። አባባ ኤርሳዶ "ትከሻ! ትከሻ ቀይሩ!" ብለው ተቆጡ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። የፊተኛው ቆመ፣ የኋለኛው ገፋ። ማን በማን ሥር እንደሚገባ አያውቁም። በመጨረሻ እነዚህ አባቶች፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። እየተሸከሙ አስተማሯቸው።

አንዳንድ ሰው "ምን ዓይነት ልጆች ናቸው፣ ሬሳ እንኳ መሸከም አያውቁም?" ሲል ሰማሁ። አፈረ። እኔ ግን አላፈርኩም። እኔ እዚያ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ በደስታ አለቀስኩ። ሲስተር፣ አየሻቸው? እነዚህ ጠብደል ጠብደል የዛሞ ጎረምሶች ቃሬዛ መሸከም አይችሉም! ማን ያስተምራቸው? መቼ ይማሩት? በዕድሜያቸው የተሸከሙት የመጀመሪያው ቃሬዛ ያንቺ ነው።

ታ ሚቼ፣ እህቴ፣ ሂጂ እንግዲህ። ሥራሽን ጨርሰሻል። ፈጣሪ በሰላም ይቀበልሽ። ልጆቹ ቃሬዛ መሸከም አያውቁም፤ እንዳያውቁም ያድርግልን።